ሳውንድ ካርዴ ሊኑክስ ላይ እዝዝ ይላል፣ ደግሞም ይቆራረጣል

የኮዬዋ አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ይማራል። የሚሰጧቸው ሃንድአውት ብዙው በስልክ ፎቶ የተነሳ ገጽ ስለሆነ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደሩ፣ አያነበውም። ስለዚህ እኔ እያነበብኩ እቀርጽና በቴሌግራም እልክለታለሁ። እሱም ለክፍል ጓደኞቹ ያካፍላል።

ያለኝ ዕቃ ይሄ ነው፦ ያገለገለ ቲንክፓድ ላፕቶፕ፣ ሊኑክስ ሚንት 22 የተጫነበት። ሳውንድ ካርዴ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ነው፣ ሦስተኛው ትውልድ፤ የማይኩን ድምፅ በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባ ሳጥን። ዳይናሚክ ማይክ፣ በአጭር የኤክስኤልአር (የማይክ) ገመድ። የምቀርጸው ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም ነው። የላፕቶፑ ፋን እንዳይሰማ ማይኩንና ሳውንድ ካርዱን መኝታ ቤት ጥግ፣ ብርድ ልብስ የሰቀልኩበት ቦታ አስቀምጫለሁ። ላፕቶፑ ሳሎን ነው። መሃሉን በዩኤስቢ ማራዘሚያ አገናኝቼዋለሁ።

ችግሩ፦ ከድምፄ ሥር እዝዝዝ የሚል ነገር አለ። ሰፈሩ ሁሉ ተኝቶ፣ ውጭ ምንም ሳይሰማ ብቀርጽም ያው ነው። ደግሞ ቃል መሃል ላይ ጠቅ ይልና ግማሽ ፊደል ይውጣል። አንዳንዴ ጭራሽ ሳውንድ ካርዱ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ያን ጊዜ ኦዳሲቲ ይቆማል፤ የምዕራፉን መጨረሻ እንደገና ማንበብ ነው።

የኦዳሲቲውን ረብሻ መቀነሻ፣ ኖይዝ ሪዳክሽን፣ ሞክሬያለሁ። እዝዙ ይቀንሳል፣ ግን ድምፄን አብሮ ይበላዋል። «ሰ» እና «ሸ» መለየት ያስቸግራል። ወንድሜ የሚያዳምጠው አንድ ተኩል እጥፍ አፍጥኖ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ለሰዓታት ነው። በዚያ ፍጥነት እዝዙ ራስ ምታት እንደሚሆንበት ነግሮኛል። ጓደኞቹም እንደዚያው። ሰው ሊማርበት የሚያዳምጠው ድምፅ ንጹሕ መሆን አለበት ብዬ ነው የማምነው።

ፈተናቸው እየደረሰ ነው። ሳውንድ ካርዱ ተበላሽቶ ነው? ሊኑክሱን አጥፍቼ ዊንዶውስ ልጫን? ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምክራችሁን እፈልጋለሁ።


ናቲ ቱሉ ዲምቱ፦

እህቴ፣ ዊንዶውስ ለመጫን አትቸኩዪ። የአንቺ ሳውንድ ካርድ ሊኑክስ ላይ ድራይቨር (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ፍለጋ አያስፈልገውም። የተለመደውን የዩኤስቢ ድምፅ ደንብ የሚከተል ዕቃ ሁሉ ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ውስጥ ባለው ድራይቨር ይሠራል። ለስካርሌቶቹ ደግሞ ጄፍሪ ቤኔት የሚባል ፕሮግራመር ተጨማሪ መቆጣጠሪያውን ጽፎ ከርነሉ ውስጥ አስገብቶታል። ከከርነል 6.7 ጀምሮ ምንም ሳትነኪ በራሱ ይነሳል። ሚንት 22 ይዞ የወጣው ከርነል 6.8 ነው። በዚህ በኩል አታስቢ።

ለመቆራረጡ ሁለት ነገር እዪልኝ። መጀመሪያ ተርሚናል ክፈቺና «ሱዶ»፣ ክፍት ቦታ፣ «ዲሜስግ»፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና ትንሿ «ደብሊው» ጻፊ። ከርነሉ የሚያየውን ሁሉ እዚያው በዚያው እያወጣ ያሳይሻል። ክፍት እንደሆነ ቅረጪ። ሳውንድ ካርዱ ሲጠፋ «ዩኤስቢ ዲስኮኔክት» የሚል መስመር ከመጣ ነገሩ የገመድና የኃይል ጉዳይ ነው። ማንኛውም የድምፅ ቅንብር አያድነውም።

ሁለተኛ፣ በሌላ ተርሚናል «ፒደብሊው» ሰረዝ «ቶፕ» ጻፊ። ሚንት 22 ድምፁን የሚያስተዳድረው በፓይፕዋየር ስለሆነ ይሄኛው ሁሉንም ያሳያል። «ኢአርአር» የሚለውን ዓምድ ተመልከቺ። ሲቀረጽ ቁጥሩ ከጨመረ ኮምፒውተሩ በሰዓቱ አልደረሰም ማለት ነው። «ኳንት» በሚለው ሥር ስንት እንደሚል ጻፊልኝ።


ጋሽ ሽቦ ከለገጣፎ፦

ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። አንቺ የጻፍሽው አንድ ብልሽት አይደለም፤ ሁለት ነው። እዝዝ የሚለው ለብቻው ነው። የሚቆራረጠው ለብቻው ነው። ባንድ ላይ ካሳደድሻቸው የቱ እርምጃ የቱን እንዳዳነ አታውቂም። አንዱን ዝጊ፣ ከዚያ ሌላውን ክፈቺ።

እኔ ዕድሜዬን በአምፕሊፋየርና በራዲዮ ጥገና ነው የጨረስኩት። የኮምፒውተሩን ነገር ለናቲ ትቼለታለሁ። እዝዙን ግን ለእኔ ተዉልኝ።

ዝም ብለሽ ቀረጻ ጀምሪ። ቀረጻው ሳይቆም የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀዪ። ትንሽ ቆይተሽ መልሰሽ ስኪው። ከዚያ አዳምጪ። ቻርጀሩ በተነቀለበት ቦታ እዝዙ ከጠፋ ሳውንድ ካርድሽም፣ ማይክሽም፣ ሊኑክስሽም ነጻ ናቸው። ችግሩ ከግድግዳው ነው የሚመጣው።

በዓይንሽም ማየት ትችያለሽ። ዝም ያልሽበትን ቦታ ኦዳሲቲ ላይ ምረጪና «ፕሎት ስፔክትረም» የሚለውን ክፈቺ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። 50 ላይ፣ 100 ላይ፣ 150 ላይ ሹል ሹል ነገር ቆሞ ካየሽ እሱ መብራት ነው። የማይክ ወይም የክፍል ጫጫታ እንደዚያ ተራ ይዞ አይሰለፍም።

ለምን እንደሚሆንም ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ አይቸገርም። የላፕቶፕ ቻርጀር ውስጥ፣ በ220ው ወገንና ወደ ላፕቶፑ በሚሄደው ወገን መካከል፣ ትንሽ ካፓሲተር አለ። ቻርጀሩ ራሱ የሚፈጥረውን ረብሻ ለመዋጥ የገባ ነው። ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ፣ ካለ ትርፉ ወደ መሬት ይወርዳል። ኧርዝ ከሌለ መውረጃ ያጣል። ያን ጊዜ የላፕቶፑ ብረት ከ220ው ግማሽ የሚጠጋ ቮልት ይዞ ይንሳፈፋል። ጅረቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ጉዳት አያደርስም፤ ግን በዩኤስቢ ገመዱ መከለያ በኩል ሳውንድ ካርዱ ድረስ ይሄዳል። ማይክ የሚያወጣው ምልክት በሚሊቮልት የሚቆጠር ነው። አንቺ ጌይኑን (የማይኩን ማጉያ) ከፍተሽ ያንን ስታሳድጊ እዝዙም አብሮ ያድጋል።

ምልክቱን ታውቂው ይሆናል። ባዶ እግርሽን ሴራሚክ ላይ ቆመሽ የሳውንድ ካርዱን ብረት በእጅሽ ጀርባ ስትዳስሺው ቀለል ያለ ኮረንቲ ይነዝርሻል? ስትነኪው እዝዙ ይቀንሳል ወይ ይለወጣል? ከሆነ ኧርዝ የለሽም።

አሁን ቻርጀሩ የተሰካበትን ተመልከቺ። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ጎንና ጎኑ የብረት ምላስ አለው? እሱ ኧርዙ ነው። ብዙ ጊዜ ግድግዳው ኧርዝ ይኖረውና መሃል የምንሰካው ዲቫይደር ሁለት ቀዳዳ ብቻ ይሆናል። የሦስት እግር መሰኪያን ወደ ሁለት እግር የሚቀይረው ትንሹ አዳፕተርም እንደዚያው ነው። ኧርዙ እዚያ ጋ ይቆረጣል። ቻርጀሩን ያለ ዲቫይደር፣ ኧርዝ ባለው መሰኪያ ግድግዳው ላይ ስኪና ቅረጪ። ያገኘሽውን ንገሪኝ።


ዲጄ ጀሞ፦

እኔም ቤት እንዲሁ ነበር። የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ሶኬቱን ከፍቶ በትንሽ ሽቦ ኒውትራሉን (ኮረንቲው የሚመለስበትን ሽቦ) ከኧርዙ ምላስ ጋር አገናኘልኝ። ወዲያው ፀጥ አለ። ቀላል ነው፣ አስደርጊው።


ጋሽ ሽቦ ከለገጣፎ፦

ልጄ፣ ይህንን በፍጹም እንዳታስደርጊ። የጀሞው ልጅ፣ አንተም ዛሬውኑ አስነሳው፤ እለምንሃለሁ።

ኒውትራሉ ደህና እስከሆነ ድረስ ፀጥ ይላል፣ እውነት ነው። ግን አንድ ቀን ኒውትራሉ ቆጣሪው ጋ ወይም ምሰሶው ላይ ቢላላ፣ ቢበጠስ፣ 220ው በበራው አምፖል ወይም በፍሪጁ በኩል ዞሮ በዚያች ትንሽ ሽቦ ወደ ኧርዙ ምላስ ይመጣል። ያን ጊዜ በዚያ ሶኬት የተሰካ ዕቃ ብረቱ ሁሉ ኮረንቲ ይይዛል። ላፕቶፑ፣ ሳውንድ ካርዱ፣ የማይኩ አካል። ማይክ ደግሞ ከከንፈር አጠገብ ነው የሚያዘው። ሌላ ሰው መጥቶ ኮረንቲ የሚያመጣውን ፌዙንና ኒውትራሉን ቢያቀያይርማ መበጠስም አያስፈልገውም። እኔ በዚህ ምክንያት የተቃጠለ ዕቃ ጠግኛለሁ፤ ሰው ግን አይጠገንም።

ከውሃ ቧንቧ ጋርም አታገናኙ። ብዙው ቧንቧ አሁን ፕላስቲክ ነው፤ መሬት አይደርስም። ኮረንቲውን ወደ ጎረቤት መታጠቢያ ቤት መውሰድ ነው ትርፉ። ቤቱ ኧርዝ ከሌለው መፍትሔው የመሬት ዘንግ ነው፤ በለካና በሚያውቅ ባለሙያ። ያ እስኪሆን በባትሪ መቅረጽ ይሻላል።


የኮዬዋ አንባቢ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ናቲ፣ አንተንም አመሰግናለሁ። ያላችሁትን አንድ በአንድ አደረግኩ።

ቻርጀሩን ስነቅል እዝዙ ድርግም ብሎ ጠፋ። መልሼ ስሰካው ተመለሰ። ስፔክትረሙ ላይም 50፣ 100፣ 150 ላይ ቆመው አየኋቸው። የሳውንድ ካርዱ ብረት ሲነካ ይነዝራል። እስከ ዛሬ የቀዘቀዘ ብረት ስለሆነ ነበር የሚመስለኝ።

የሳሎኑ ሶኬት ጋሼ እንዳሉት የብረት ምላስ አለው። ዲቫይደሩ ግን ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው። የስልክ ቻርጀሮች፣ የዋይፋዩ ራውተር፣ ሁሉም እዚያ ነበር የተሰካው። የላፕቶፑን ቻርጀር ለብቻው ግድግዳው ላይ ስሰካው እዝዙ ጠፋ ማለት ይቻላል። ጌይኑን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነው በጣም ትንሽ የምሰማው። የጎረቤታችን ልጅ ኤሌክትሪሺያን ስለሆነ ሶኬቱን ለክቶ ኧርዙ በትክክል እንደሚሠራ አረጋገጠልኝ።

መቆራረጡ ግን አለ። በቻርጀርም በባትሪም። ናቲ ያልከው መስመር መጥቷል፤ «ዩኤስቢ ዲስኮኔክት» ይልና ወዲያው እንደ አዲስ ያገኘዋል። ማራዘሚያውን ነቅዬ ሳውንድ ካርዱን በራሱ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ስሰካው መስመሩ አልመጣም። ጠቅ ጠቅ ማለቱም በጣም ቀነሰ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። «ኳንት» ላይ 256 ይላል። «ኢአርአር» አልፎ አልፎ ይጨምራል፣ በተለይ በባትሪ ስሆን።

ማራዘሚያውን ከተውኩት ላፕቶፑ ማይኩ አጠገብ ይመጣል። ያን ጊዜ ፋኑ ይሰማል። ይህንን ምን ላድርገው?


ጋሽ ሽቦ ከለገጣፎ፦

ጎሽ ልጄ። እዝዙን ዘጋነው።

ርቀቱን ማይኩ ይሸከም፤ ዩኤስቢው አይሸከም። ሳውንድ ካርዱን ላፕቶፑ አጠገብ ሳሎን አድርጊውና ረዥም የኤክስኤልአር ገመድ ግዢ፤ 10 ሜትር ቢሆን ምንም አይልም። የኤክስኤልአር ገመድ ውስጥ ሁለት ሽቦ አንድ አይነት ድምፅ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ይሄዳሉ። በመንገድ የሚገባው ረብሻ ሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል። ሳውንድ ካርዱ አንዱን ከአንዱ ሲቀንስ ረብሻው ይጠፋል፣ ድምፁ ይቀራል። ለርቀት ተብሎ የተሠራ ነው። ስትገዢ ሁለቱም ጫፍ ባለ ሦስት እግር መሆኑን እዪ። አንድ ጫፉ የጊታር ጃክ የሆነውን እንዳይሰጡሽ፤ እሱ ይህንን አይሠራም።

ዩኤስቢው ግን ድምፅ ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ ሳውንድ ካርዱ የሚበላውን ኃይልም ነው። 5 ቮልት። ርካሽ ማራዘሚያ ውስጥ ያለው ሽቦ ፀጉር የሚያህል ነው። አንቺ አራተኛ ፎቅ ስለሆንሽ ውሃው ቧንቧው ላይ እንዴት ቀጥኖ እንደሚደርስሽ ታውቂያለሽ፤ ቮልቱም በቀጭን ሽቦ እንደዚያ ነው የሚደርሰው። ትንሽ ሲያንሰው ሳውንድ ካርዱ ይጠፋና ይነሳል። ደግሞ ማይክሽ ዳይናሚክ ስለሆነ 48 ቮልት የሚለው ቁልፍ ጠፍቶ ይቆይ። አያስፈልገውም፤ ኃይል ብቻ ይወስድብሻል።


ናቲ ቱሉ ዲምቱ፦

ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ የቀረችውን ጠቅታ ልዝጋ።

256 ማለት ላፕቶፑ 256 ናሙና (የድምፁን ቅንጣት) በሰበሰበ ቁጥር ሥራውን ጨርሶ መድረስ አለበት ማለት ነው። በሰከንድ 48000 ናሙና ስለሚሰበሰብ 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሆን ራሱን ያዘገያል፤ አንዳንዴ አይደርስም። ያልደረሰበት ቦታ ነው ጠቅ የሚልብሽ። ወደ 1024 ካወጣሽው 21 ሚሊሰከንድ ጊዜ ያገኛል፤ በደንብ ይደርሳል።

ቁጥሩ ሲያድግ በኮምፒውተሩ በኩል የሚሰማው ድምፅ ይዘገያል፤ መዘግየቱ ግን አንቺን አይነካሽም። ለዘፋኝ ቢሆን፣ ሙዚቃ እየሰማ ስለሚቀርጽ፣ ያስጨንቀው ነበር። አንቺ ግን የራስሽን ድምፅ መስማት ከፈለግሽ ሳውንድ ካርዱ ፊት ላይ «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚል ማብሪያ አለ። እሱ ድምፁን ኮምፒውተር ሳያስገባ በቀጥታ ወደ ጆሮሽ ይልከዋል።

ለምን 256 እንደሆነም ልብ በዪ። ፓይፕዋየር ከተከፈቱት ፕሮግራሞች መካከል ትንሿን ቁጥር የጠየቀውን ነው የሚከተለው። አንድ ድምፅ የሚያጫውት ነገር ከኋላ ከተከፈተ ሁሉንም ወደ ታች ሊጎትት ይችላል። ስትቀርጪ ብሮውዘሩንና ቴሌግራሙን ዝጊ። ሃንድአውቱን ከስልክሽ ላይ ብታነቢው ይሻላል። የፓይፕዋየሩን «ሚን ኳንተም» (የሚፈቀደውን ትንሹን ቁጥር) 1024 የሚያደርገውን አጭር ፋይል በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ፤ የትኛው ፎልደር እንደሚቀመጥም ጽፌበታለሁ። አስቀምጪውና ላፕቶፑን አጥፍተሽ አብሪ።

የኃይል ሁኔታውም ቆጣቢው ላይ ካለ ወደ ሚዛናዊው መልሺው። የኦዳሲቲውን ፕሮጀክት ደግሞ 48000 አድርጊ፤ ሳውንድ ካርዱም በዚያው ስለሚሠራ ማንም ማንንም መቀየር የለበትም።


የኮዬዋ አንባቢ፦

ገመዱን ከመርካቶ አስመጣሁ፣ ሁለቱም ጫፍ ባለ ሦስት እግር። ሳውንድ ካርዱ ሳሎን፣ እኔና ማይኩ መኝታ ቤት። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሳላቋርጥ አነበብኩ። «ኢአርአር» ካለበት አልተነቃነቀም። እዝዝም የለም፣ ጠቅታም የለም። መብራት መሃል ላይ ሄዶ ነበር፤ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፣ ቀረጻውም ቀጠለ። ኖይዝ ሪዳክሽን ሳልነካ ነው የላክሁት። ወንድሜ በሁለት እጥፍ አፍጥኖ እንዳዳመጠውና እያንዳንዱ ፊደል እንደተሰማው ነገረኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ጋሼ ያሉትን የዲቫይደር ነገር ለእናታችን ቤትም እናገራለሁ፤ እዚያም ፍሪጁ ይነዝራል።

አንድ የቀረች ጥያቄ። ወንድሜ በግራ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው ይላል። በፊትም እንደዚያ ነበር፣ ግን ከእዝዙ ጋር ሲወዳደር ማንም አላነሳውም።


ጋሽ ሽቦ ከለገጣፎ፦

የፍሪጁን ነገር ቀን አትስጪው። ፍሪጅ ሲነዝር ከላፕቶፕ ይለያል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ወይም ኮምፕረሰሩ ብረቱን ነክቶ ሊሆን ይችላል። በባዶ እግር አይንኩት፤ ንቀሉትና ባለሙያ ይለካው። የግራ ጆሮውን ናቲ ይነግርሻል።


ናቲ ቱሉ ዲምቱ፦

ቀላል ነው እህቴ። ሳውንድ ካርዱ ሁለት መግቢያ አለው። ማይኩ አንደኛው ነው፣ ጊታር የሚሰካበት ሁለተኛው። ኦዳሲቲ ሁለቱን እንደ ግራና ቀኝ አድርጎ ይወስዳቸዋል። ጊታር ስለሌለሽ ቀኙ ባዶ ነው። ኦዳሲቲ ላይ የቀረጻውን ቻናል ከስቴሪዮ ወደ ሞኖ ቀይሪ። እስከ አሁን የቀረጽሻቸውን ደግሞ የትራኩን ስም ተጭነሽ «ስፕሊት ስቴሪዮ ቱ ሞኖ» የሚለውን ምረጪ፤ ከሁለቱ ባዶውን አጥፊ። እንደገና ማንበብ አያስፈልግሽም።

ስታወጪውም ኤምፒስሪ፣ ሞኖ፣ 64 ኪሎቢት አድርጊው። ለንግግር በቂ ነው። የአንድ ሰዓት ንባብ 29 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርዱት ልጆች ይቀልላቸዋል።